ተመርምሯል ብዬ የጻፍኩበት ሣጥን

የጡረታ ወረቀቴን ታዘጋጅ የነበረችው የሰው ኃይል ሠራተኛ፣ በዕድሜ ልጄ የምትሆን ጨዋ ሴት፣ ማኅደሬን ስታገላብጥ ቆይታ አንድ ገጽ ላይ ቆመች። «ጋሼ ይሄይስ፣ እዚህ ላይ ሦስት ዓመት ከአራት ወር ‹በትውስት› ይላል እንጂ የት እንደሠሩ አይልም» አለችኝ። የትራክተር መለዋወጫ መጋዘን እንደነበርኩ ነገርኳት። እንደነገርኳት ጻፈች፤ ማኅተሟን መታች፤ ዕድሜና ጤና ተመኘችልኝ። ከቢሮው ወጥቼ ወደ ቤቴ ወረድኩ። በሥራ ዘመኔ ለመጨረሻ ጊዜ ለተጠየቅኩት ጥያቄ የሰጠሁት መልስ ውሸት ነበር። ውሸቱን የፈጠርኩት እኔ አይደለሁም፤ ሃያ ዓመት ተሸክሜው ስለኖርኩ ብቻ እንደ እውነት ከአፌ ወጣ።

ሰላይም ወታደርም አልነበርኩም። ሥራዬ ሣጥን ላይ የተጻፈ ማንበብ ነበር።

የተወለድኩት ከአማኑኤል ከተማ ወረድ ብሎ ባለ ቀበሌ ነው። አባቴ የቤተ ክርስቲያን ሰው እንድሆንለት ቅኔ ቤት አስገብቶኝ ነበር። ሦስት ዓመት ያህል ተቀምጬ፣ አንድ ቃል ሁለት ነገር ሊል እንደሚችል ተምሬ፣ ቅኔውን ሳልዘልቀው ደብረ ማርቆስ አስኳላ ገባሁ። በደርግ ጊዜ ነፃ የትምህርት ዕድል አግኝቼ ሶቪየት ኅብረት ሄድኩና አምስት ዓመት የእርሻ ማሽን ጥገና ተማርኩ። ስመለስ የተመደብኩት የመንግሥት እርሻ የጥገና ጣቢያ ነው። ትራክተሮቹ ከዚያው አገር የመጡ ስለነበሩ መጽሐፋቸውም በሩስኛ ነበር። የመካኒኮቹ እጅ ከኔ እጅ የበለጠ የተፈታ ነው፤ እነሱ ሲፈቱና ሲገጥሙ እኔ ቆሜ አነብላቸዋለሁ። እንዲህ እንዲህ እያልኩ በመሐንዲስነት ተቀጥሬ አንባቢ ሆኜ ቀረሁ። አልከፋኝም ነበር።

መንግሥት ሲለወጥ ጣቢያው ተዘጋ። ትራክተሮቹ ጎማቸው ተንፍሶ በቆሙበት ሣር በቀለባቸው። እኔም በዞኑ አንድ ቢሮ ማንም የማይጠይቀውን የመለዋወጫ ዝርዝር እየጻፍኩ ዓመታት ገፋሁ። ሩስኛ የማናግረው ሰው ስላልነበረ አንዳንድ ቀን መንገድ ላይ ለራሴ አወራ ነበር። ባለቤቴ ሰው አበደ ይልሃል ብላ ስትገስጸኝ ተውኩት።

አንድ ጠዋት ኃላፊዬ አስጠራኝ። ቢሮው ውስጥ የማላውቀው ሰው ተቀምጧል። አቶ ሰሎሞን እባላለሁ አለኝ። የየትኛው መሥሪያ ቤት ሰው እንደሆነ አልነገረኝም፤ በኋላ ባውቅም በወረቀት አላሰፈርኩትም፣ ዛሬም አላሰፍረውም። ከቦርሳው አንድ ወረቀት አውጥቶ በአማርኛ እየመለስክ አንብብልኝ አለኝ። የቅባትና የማጣሪያ ዝርዝር መስሎኝ ጮክ ብዬ ጀመርኩ። ሁለተኛው መስመር ላይ የጥይት ዝርዝር መሆኑ ሲገባኝ ድምፄን ቀነስኩ። አቶ ሰሎሞን ፈገግ አለ።

«የምንፈልገው ሲገባው ድምፁን የሚቀንስ ሰው ነው» አለኝ።

ነገሩ የሆነው የድንበሩ ጦርነት ከመፈንዳቱ አንድ ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ ነው። በሬዲዮ የሁለቱ አገር መንግሥታት ወንድማማች ነን ይባባሉ ነበር። አዲሱ መንግሥት ገና እግሩን እየተከለ ነው፤ የድሮው ጦር ተበትኗል፣ የተረፈው መሣሪያ አርጅቷል። አይቀርም የሚባል ነገር እንዳለና ዝግጅት እንደተጀመረ የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነበር። በይፋ መግዛት ጎረቤትን ማንቃት ስለሆነ ግዢው በደላላ፣ ከደላላም በሌላ ደላላ ይሄዳል። ዕቃው ከተበተነችው ሶቪየት ኅብረትና ከአካባቢዋ ተነሥቶ፣ ሦስት አራት እጅ አልፎ፣ ወደብ ሲደርስ የትራክተር መለዋወጫ ይባላል። ይህን ሁሉ ማንም ቁጭ አድርጎ አላስረዳኝም። ከወረቀቱ ላይ እየቃረምኩ ያወቅኩት ነው።

መጋዘኑ ከደብረ ማርቆስ ወደ አማኑኤል በሚወስደው መንገድ፣ ከባሕር ዛፍ ጀርባ፣ ድሮ የእርሻ ማሽን ይቆምበት የነበረ ትልቅ የቆርቆሮ ቤት ነው። መኪኖቹ የሚመጡት በገበያ ቀን በጠራራ ፀሐይ ነበር። በገበያ ቀን ያለፈ መኪና ማንም አይቆጥረውም። አካባቢው ግን ትራክተር ሊታደል ነው ብሎ አመነ። አንድ ቀን ስምንት ገበሬዎች የተፈራረሙበት ማመልከቻ ይዘው በሩ ላይ ተቀመጡ። በማኅበር አንድ ትራክተር እንዲሰጣቸው ነው ጥያቄያቸው። አቶ ሰሎሞን ማመልከቻውን ተቀብሎ ተራ ቁጥር ሰጣቸው። በየወሩ እየመጡ ደርሶናል ወይ ይሉናል፤ ገና ነው እንላቸዋለን። ከመካከላቸው አንዱ ሽማግሌ እኔን ብቻዬን ሲያገኙኝ፣ በሬያቸው እንደሞተና ትራክተሩ ለክረምቱ ይደርስ እንደሆነ በሹክሹክታ ጠየቁኝ። እንኳን ለክረምቱ፣ ለልጅ ልጆቻቸውም እንደማይደርስ እያወቅኩ፣ ተስፋ አይቁረጡ አልኳቸው። መዋሸት የለመድኩት እንዲህ ካለው ትንሽ ነገር ጀምሬ ነው።

መጋዘኑ ውስጥ መሣሪያ የሚያውቀው ሰው አንድ ነበር፤ አምሳ አለቃ ዳምጤ። በድሮው ጦር የመሣሪያ ጥገና ባለሙያ ነበሩ። ጦሩ ሲበተን ማርቆስ ገበያ ዳር ቁልፍና ፋኖስ እየጠገኑ ኑሯቸውን ይገፉ ነበር። ያሸነፋቸው መንግሥት ሲፈልጋቸው እንዴት እሺ እንዳሉ ጠይቄያቸዋለሁ። የተበላሸ መሣሪያ በሰው እጅ ሲገባ ማየት እንደማይሆንላቸው ነገሩኝ። የማን እጅ እንደሆነ ግን አልለዩም።

ሥራ ከመጀመራቸው በፊት እጃቸውን በሳሙና ይታጠባሉ። ሰው የሚታጠበው ከሥራ በኋላ ነው ስላቸው፣ የሰው ላብ ጨው እንዳለበትና ብረት እንደሚያዝግ አስረዱኝ። ሣጥን ሲከፈት ወዲያው አይነኩም፤ ጎንበስ ብለው ያሸታሉ። ደኅናው ሣጥን ደረቅ እንጨትና ቅባት ይሸታል፤ ውሃ የገባበት የከረመ ጎተራ ይሸታል። ቀጥለው እጃቸውን ሰድደው ከታችኛው ረድፍ ያወጣሉ። ሻጭ ሁሉ ጥሩ ጥሩውን ከላይ እንደሚደረድር፣ በዚህ በኩል የጥይት ነጋዴና የሽንኩርት ነጋዴ ልዩነት እንደሌላቸው ይናገሩ ነበር። ከአሥር ሣጥን በኋላ፣ መኪና ቢቆም አለቃ ቢቆጣ፣ ሩብ ሰዓት ይቀመጣሉ። አሥራ አንደኛውን የሚያየው ዓይን ሳይሆን ልማድ ነው ይላሉ።

እኔን ያስተማሩኝ በአንድ ጥያቄ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት የተረጎምኩትን አነበብኩላቸውና ሰምተው ሲያበቁ «ይሄ የተጻፈው ነው ወይስ የገባህ?» አሉኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ደብተሬን ለሁለት ከፈልኩት። በግራ በኩል ሣጥኑ ላይ ያለውን አንድ ፊደል ሳልጨምር ሳልቀንስ እገለብጣለሁ፤ በቀኝ አማርኛውን እጽፋለሁ፤ ያልጠራኝ ነገር ላይ በእርሳስ የጥያቄ ምልክት አደርጋለሁ። የጥያቄ ምልክት ሲበዛብኝ አፍሬ ልደልዘው ስል አዩኝና «በጥያቄ ምልክት የሞተ ሰው አላውቅም» አሉኝ።

በዚያው ዓመት ስማችንን ያስጠራ ሥራ ሠርተናል። አዲስ ተብሎ የመጣ የጠመንጃ ጭነት ነበር። ወረቀቱ ንጹሕ ሩስኛ ነው። የአንዱን ሣጥን ክዳን ገልብጬ ሳየው ግን በውስጥ በኩል ተፍቆ የቀረ የጽሑፍ ጥላ አለ። ከሰል አድቅቄ በጨርቅ አሸሁበትና ፊደሎቹ ብቅ አሉ። ፊደሉ አንድ ዓይነት ሆኖ ቋንቋው ቡልጋርኛ ነው። ቡልጋርኛ አልችልም፤ ሆኖም ከሩስኛ ጋር የሥጋ ዘመድ ስለሆነ እየተንገዳገድኩ ለጥገና የተመለሰ የሚል ሐረግ አወጣሁ። አምሳ አለቃ በበኩላቸው ጠመንጃዎቹን ፈታተው የጥቁሩ ቀለም ሥር ያረጀ የዝገት ጉድጓድ አገኙ። ጭነቱ ለሻጩ ተመለሰ። አቶ ሰሎሞን የሁለታችንንም እጅ ጨበጠ። አምሳ አለቃ እጃቸውን ጠርገው ወደ ቁልፋቸው ተመለሱ። እኔ ግን ያን ምስጋና እንደ ማር እየላስኩ ከረምኩ። የማልሳሳት ሰው የሆንኩ መሰለኝ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ለመጻፍ ሁለት ጊዜ ወረቀት ጀምሬ ቀድጃለሁ።

አምሳ አለቃ ሞጣ ያለች እህታቸው ሞታ ለቀብርና ለሐዘን ሄደዋል። እሳቸው በሌሉበት የሞርታር ቅምቡላ መጣ። የቅምቡላው ሣጥኖች ረጅምና ከባድ ናቸው፤ ከላይ ማኅተም፣ ከማኅተሙ በታች በሐምራዊ እርሳስ በእጅ የተጫረ አንድ አጭር ቃል አለባቸው። «ፕሮቭ.» ይላል፤ ነጥብ ተደርጎ ተቆርጧል። ቃሉ ሲሟላ «ፕሮቬሬኖ» ሊሆን ይችላል፤ ተመርምሯል ማለት ነው። «ፕሮቬሪት»ም ሊሆን ይችላል፤ ይመርመር ማለት ነው። በግራው ዓምድ ገለበጥኩት። በቀኙ ላይ እርሳሴን አንሥቼ ቆምኩ።

ለአቶ ሰሎሞን ሁለቱንም ትርጉም ነገርኩትና አምሳ አለቃ በሦስት ቀን ስለሚመለሱ እንዲጠበቁ ጠየቅኩት። ቅምቡላውን ሊረከቡ ከወታደር ማሠልጠኛው የመጡት ሰዎች ደጅ ቆመዋል፤ እሱንም ከበላይ እያጣደፉት ነበር። ደክሞታል። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ያን ጊዜ ሁሉም ሰው ጦርነቱ ነገ የሚጀመር ይመስለው ነበር።

«ቋንቋውን ታውቀዋለህ ወይስ አታውቀውም?» አለኝ።

ይህ ጥያቄ ለምን እንደዚያ እንደወጋኝ ዛሬም አስባለሁ። አምስት ዓመት የተማርኩት፣ መንገድ ላይ ለራሴ ያወራሁት፣ ከሰል ያሸሁት ሁሉ በአንድ ጊዜ ትዝ አለኝ። አውቀዋለሁ አልኩት። ከሁለቱ የትኛው ነው ሲለኝ፣ ማኅተሙ አጠገብ ስለሆነ ተመርምሯል ማለት ይመስለኛል አልኩ። «ይመስለኛል» የምትለዋን ቃል እሱም አልሰማት፣ እኔም ወረቀቱ ላይ አላስገባኋት። በርክክቡ ቅጽ ላይ ተመርምሯል ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ። የጥያቄ ምልክት አላደረግኩም።

ሣጥኖቹን የተረከበው አሥር አለቃ ሞገስ ነው። የማሠልጠኛው የመሣሪያ ክፍል ሰው ሲሆን በደጀን መንገድ ላይ ያለችው የአምበር ከተማ ልጅ ነበር፤ የቄስ ልጅ። በመጣ ቁጥር የሽምብራ ቆሎ በኪሱ ይዞልኝ ይመጣል። ሚስቱ የሺ ነፍሰ ጡር ስለነበረች ሁልጊዜ ወሬው እሷው ነች፤ ወንድ ከወለደች ስሙን አባቱ እንደሚያወጡ፣ ሴት ከሆነች እሱ እንደሚያወጣ ነግሮኛል። ያን ቀን ሣጥኑን ለመጫን ጎንበስ ሲል ሐምራዊውን ጽሑፍ አየና በጣቱ ነካው።

«ጋሼ፣ ይሄ ምን ይላል?»

«ተመርምሯል ይላል» አልኩት።

«እንግዲያው ደግ» አለና አነሣው። ሾፌሩ አለማየሁ የመኪናውን ሸራ አሰረ። አለማየሁ የአማኑኤል ልጅ፣ የአገሬ ሰው ነው። ሁለቱ እየተሳሳቁ ሄዱ።

ዘጠኝ ቀን አለፈ። በአሥረኛው ቀን አቶ ሰሎሞን መጥቶ በሩን ዘጋና ቆሞ ነገረን። በተኩስ ልምምድ ላይ ቅምቡላው ከአፈሙዙ ሳይወጣ ፈንድቶ ሦስት ሰው ሞቷል። ሞገስ፣ ካሣሁን የሚባል ሌላ አሥር አለቃ፣ ጌትነት የሚባል ወታደር። ቅምቡላ በአካባቢው እንዳለ መታወቅ ስለሌለበት ለቤተሰብ የሚነገረው ሌላ ነው አለ፤ የጫናቸው መኪና ተገልብጦ ነው የሞቱት። የአንድ ሰው መኪና መገልበጥ ስላለበት አለማየሁ ተመረጠ። የራሱን መኪና ገደል አፋፍ ድረስ እንዲነዳ አድርገው፣ እሱን አውርደው፣ መኪናውን ገፉት። ጥቂት ወር ታገሥ፣ ነገሩ ሲያልፍ እውነቱ ይነገራል ተባለ። አለማየሁ የሚስቱና የልጆቹ እንጀራ በእነሱ እጅ ስለነበረ እሺ አለ።

አምሳ አለቃ ሐዘኑ ካሰቡት በላይ አቆይቷቸው በማግስቱ ከሞጣ ሲመለሱ ነገርናቸው። እጃቸውን ታጥበው ከዚያው ጭነት የቀሩትን ሣጥኖች ከፈቱ። ጎንበስ ብለው አሸተቱ። ከታችኛው ረድፍ አንድ ቅምቡላ አወጡና ወደ ብርሃኑ ይዘው አሳዩኝ፤ ጫፉ ዙሪያውን አረንጓዴ ዝገት በልቶታል። ጥፍራቸው ሲነካው እንደ አመድ ተፈረፈረ። የርክክቡን ቅጽ እንዳመጣላቸው ጠየቁኝ። አነበቡት።

«የተጻፈውን ነው የጻፍከው ወይስ የገባህን?» አሉኝ።

«ሁለቱንም አይደለም» አልኳቸው። «እነ አቶ ሰሎሞን የፈለጉትን ነው።»

ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅኩ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ወረቀቱን አጥፈው መለሱልኝና እርሳሳቸውን አውጥተው በቀሩት ሣጥኖች ላይ ሁሉ አንድ በአንድ «አይተኮስ» ብለው ጻፉ። ከአሥረኛው በኋላ እንደ ልማዳቸው ተቀመጡ። ሩብ ሰዓቱ ሲሞላ ተነሥተው አሥራ አንደኛው ላይ ጻፉ። ከዚያ ወዲህ ብቻዬን የፈረምኩት ወረቀት የለም፤ እሳቸው ከጎኔ ሳይፈርሙ አያሳልፉኝም ነበር። አንድም ቀን ግን ስለዚያ ጉዳይ አላነሡብኝም፣ ሰው ፊትም አላሳጡኝም።

ጦርነቱ እውነትም መጣ፤ ብዙ ሰው በላ፤ አለቀ። መጋዘኑም ተዘጋ፤ ማመልከቻ ያስገቡት ገበሬዎች ባዶውን ቤት መጥተው ዞረው አይተው ሄዱ። አቶ ሰሎሞን ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረና ወሬው ጠፋ። እኔ ወደ ዞኑ ቢሮ ተመለስኩ። ቀጥሎ የቻይና መንገድ ሠሪዎች መጡ፣ የቻይና ማሽን መጣ፣ ሩስኛዬ እንደ አሮጌ ገንዘብ የማይሠራ ሆነ። የመጨረሻዎቹን አሥራ አምስት ዓመታት የማዳበሪያ ከረጢት ስቆጥርና የውሃ ፓምፕ ስረከብ ኖርኩ። አለቆች መጡ፣ ሄዱ። አንዳንዱ ጨዋ፣ አንዳንዱ ስብሰባ ወዳድ ነበር፤ የማስታውሰው የለኝም። አምሳ አለቃ ዳምጤ በሳንባ ሕመም አረፉ። ለቀብራቸው የመጣነው ከሃያ አንበልጥም። ያን ቀን ከሰው ኋላ ቆሜ፣ አምበር ለመሄድ ለራሴ ቃል ገባሁ። አልሄድኩም። አሁን ሥራ ያዘኝ፣ አሁን ክረምት ነው፣ አሁን ልጅ ልድር ነው እያልኩ አሥር ዓመት አለፈ።

ጡረታ በወጣሁ በሦስተኛው ሳምንት ማርቆስ መናኸሪያ አለማየሁን አገኘሁት። ፀጉሩ ነጥቷል፤ ባጃጅ ይጠግናል። ሻይ ይዘን ተቀመጥን። ደጀን ያገባች ሴት ልጅ እንዳለችው አጫወተኝ። እየሄድክ ትጠይቃታለህ ወይ ስለው፣ አውቶቡስ አምበር ሲደርስ ጫማውን የሚያስር መስሎ አጎንብሶ እንደሚያልፍ ነገረኝ። የሞገስ ታናሽ ወንድም ጥሩነህ፣ ወንድሜን ገደል የጨመረውን ሾፌር ባገኘው አልምረውም ብሎ በሰው ፊት ተናግሯል። አንድ ጊዜ አማኑኤል ገበያ ድረስ መጥቶ ሲያፈላልገው ሰው ደብቆታል።

«ጥቂት ወር ብለውኝ ነበር» አለኝ። «ሃያ ዓመት አጎነበስኩ።»

እኔን አልወቀሰኝም። ሣጥኑ ላይ ምን ተጽፎ እንደነበረ፣ ማን እንዳነበበው አያውቅም ነበር። ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ተቀምጬ ነገርኩት። ሰምቶ ሲጨርስ ብርጭቆውን ወደ ጎን ገፋ አደረገና ወዴት እንደምሄድ ጠየቀኝ። ነገ አምበር አልኩት።

የሞገስ አባት ቄስ መኮንን እርጅና ተጫጭኗቸው፣ ዓይናቸውም ደክሞ፣ ከቤታቸው ደጅ ፀሐይ ይሞቁ ነበር። የሺ ሌላ ባል ሳታገባ አማቿ ቤት ቀርታለች፤ ሴት ልጅ ወልዳ ነበር፣ ልጅቱም አድጋ ባሕር ዳር ተድራለች። ስሟን ማን እንዳወጣ ለመጠየቅ አልደፈርኩም። ጥሩነህ ከእርሻ ተጠርቶ መጣና በሩ መቃን ላይ ተደግፎ ቆመ። ማን እንደሆንኩ፣ ሞገስን በምን እንደማውቀው ተናገርኩ። ከዚያ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኳቸው፤ ሣጥኑን፣ ሐምራዊውን ቃል፣ አለቃዬ የጠየቀኝን፣ ሞገስ የጠየቀኝን፣ የመለስኩለትን። መኪናው ባዶውን እንደተገፋም ነገርኳቸው።

ጥሩነህ ወጥቶ ሄደ። ከጓሮው በኩል እንጨት ሲፈልጥ ይሰማኝ ነበር። ቀድማ የተናገረችው የሺ ነች። ድምፅዋ ቁጣ አልነበረበትም፤ የደከመ ሰው ድምፅ ነበር።

«የሬሳ ሣጥኑን በምስማር መትተው ነው ያመጡልኝ። ልየው ብዬ ለምኛለሁ፤ አይቻልም አሉኝ። በመኪና መገልበጥ የሞተን ሰው ለምን አያሳዩኝም እያልኩ ስንት ዓመት ራሴን እብድ ነሽ አልኩ። እብድ አልነበርኩም እንግዲህ።»

«አልነበሩም፣ እመቤቴ» አልኳት።

ቄስ መኮንን መቋሚያቸውን ይዘው ቀና አሉ። ሾፌሩ በሕይወት አለ ወይ ብለው ጠየቁኝ። አለ አልኳቸው። ነገ ይዘኸው ና አሉኝ።

በማግስቱ አለማየሁ የክት ልብሱን ለብሶ መጣ። አውቶቡስ ይዘን አምበር ወረድን። ጥሩነህ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀን፤ አለማየሁን ከእግር እስከ ራሱ አየውና መንገድ ለቀቀለት። አለማየሁ ይቅርታ ለመጠየቅ ይሁን ለመማለድ፣ ከቄሱ ፊት ሊንበረከክ ጎንበስ ሲል፣ ሽማግሌው በእጃቸው አየሩን እየዳበሱ ትከሻውን አገኙና ያዙት።

«ቀና በል። አንተ አይደለህም የምታጎነብሰው» አሉት። «ሃያ ዓመት ቆሜ ባስቀደስኩ ቁጥር ስምህን በክፉ አንሥቻለሁ። ካህን ነኝ፤ እያወቅኩ አንሥቻለሁ። ይቅር በለኝ ልጄ።»

አለማየሁ ይቅር ብያለሁ አለና የያዙትን እጃቸውን ሳመ። የሺ ውሃ አምጥታ ሰጠችው። ጥሩነህም መጥቶ ጉልበቱን ሳመው። እኔ ጥግ ላይ ቆሜያለሁ። ለኔ የሚሆን ቃል እየጠበቅኩ እንደነበር አልክድም።

ቄስ መኮንን ፊታቸውን ወደ ቆምኩበት መለሱ።

«ሦስት ነበሩ አልከኝ።»

«አዎ፣ አባቴ።»

«የኔን ልጅ አገር አገኘኸው። የሁለቱ ወዴት ነው?»

«ስማቸውን ነው የማውቀው። አገራቸውን አላውቅም።»

«ታዲያ እነሱ ቤት ማን ነው በሐሰት የሚረገመው? ይሄው አለማየሁ አይደለም?» አሉኝ። «ይቅር እንድልህ ፈልገህ መጥተሃል። እኔ የአንዱ አባት ነኝ፤ የሁለቱን ይቅርታ መስጠት አልችልም። ጡረታ ወጥቻለሁ ብለኸኛል፤ ጊዜ አለህ። ፈልጋቸው፤ ከዚያ ተመለስ።»

ፍለጋው እነሆ ሰባተኛ ወሩን ያዘ። የካሣሁንን ቤት ከደጀን ወረድ ብሎ አገኘሁት። እናቱ ሞታለች፤ እህቱ እህል ስታሰጣ ደርሼ እዚያው ቆማ ሰማችኝ። ተሠቃይቶ እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ አላውቅም አልኳት። የማላውቀውን አላውቅም ማለት በዚህ ዕድሜዬ እየተማርኩ ነው። አልረገመችኝም፣ አልመረቀችኝም፤ ወደ እህሏ ተመለሰች። የጌትነትን ግን አላገኘሁም። የቀበሌ ሰዎች ጌትነት የሚባል ስንት እንደሞተ ታውቃለህ ወይ ይሉኛል። ባለፈው ሳምንት አንድ ነጋዴ፣ በቢቸና በኩል ወታደር ልጃቸው በመኪና መገልበጥ የሞተባቸው አንድ አዛውንት መኖራቸውን ነገረኝ። ሐሙስ እሄዳለሁ። ጉልበቴን ስለሚያመኝ አለማየሁ አብሮኝ ይመጣል።